ሁለት ስም፣ አንድ ታርጋ

ይቺን ነገር የማወራው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት በግ ነው። ስትጽፍ እንዳታሳምረው አስጠንቅቄያታለሁ። በየመሀሉ መልሳ ታነብልኛለች፤ ያላልኩትን ቃል ከሰማሁ እንዝርቴን አነሳባታለሁ። ሌላም ትእዛዝ አለኝ፤ የማንንም ስም እንዳትጽፊ ብያታለሁ፣ የኔንም ጭምር። ስም ስንት መከራ እንዳበላኝ ከሰማችሁ በኋላ ትፈርዱልኛላችሁ።

ባጃጇ የኔ ናት። ከዚያ ልጀምር። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት ሁለት በሬ ትቶልኝ ሄደ። በሬ ያለ አራሽ ምን ያደርጋል? መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁ፣ በሬዎቹን ሸጥኩ፣ ከበጎቼም መልካም መልካሞቹን አከልኩበትና ባጃጅ ገዛሁ። ሞላሌ ገበያ ላይ ያልሳቀብኝ የለም። ሴትዮዋ ሁለት በሬ ሸጣ ባለ ሦስት እግር በሬ ገዛች አሉ። እኔም፣ የናንተ በሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሰኳ ያድራል፣ የኔ እቴ ምንም ሳይቀምስ ያድራል እላቸው ነበር። ቀን ቀን ቤንዚን እንደሚጠጣ ያኔ ገና አልገባኝም።

የምትነዳው ይቺው የምትጽፈው ናት። ባል አግብታ ነበር፤ ከአፉ እጁ የሚቀድም ሰው ሆነባት። አንድ ቀን ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ደጄ ላይ ቆመች። ምን ሆንሽ አላልኳትም፤ ፊቷን አየሁና ውሃ አሞቅኩላት። አሁን ይሄን ስትጽፍ እጇን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊው አልኳት። የመታው ይፈር እንጂ የተመታችው ለምን ታፍራለች?

ከዚያ ወዲያ ማሠልጠኛ ገባች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ባጃጇን ያዘች። መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ ባጃጅ ነጂዎች ተራ እየነፈጉ ጎማ ሲተነፍስብሽ ማን ይቀይርልሻል እያሉ ያሽሟጥጧት ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ ወገብ ላይ የአንዱ ጎማ ተነፈሰ፤ ክሪክ ይዛ የደረሰችለት እሷው ናት። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ከሩቁ ኮፍያውን ያወልቃል። እንደዚህ እንደዚህ እያለ አገር ለመዳት። ምጥ የያዛትን ጤና ጣቢያ ታደርሳለች፣ ቄሱን ከነጥላቸው ታመጣለች፣ የገብስ ጆንያ ትጭናለች። እኔም ባለንብረት ነኝና ከኋላ ወንበር ተሰይሜ፣ በመንገድ የሚሄደውን ሁሉ በእጄ እየባረክሁ አልፋለሁ።

እንግዲህ አዋጁ መጣ። በገበያ ቀን ነው የመጣው፣ መኪና ጣራ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮለት። የድሮው ታርጋ ተመልሶ አዲስ ይሰጣል፤ ባለንብረት መታወቂያውን ይዞ በአካል ይቅረብ፤ መንጃ ፈቃድ ይታደስ፤ ትርፍ ሰው መጫን ክልክል ነው፤ ከጭነት በላይ ሰው አይቀመጥ፤ ቀበቶ ይታሰር፤ ከብት በአስፋልት አይነዳ። ይሄ ሲነገር አንድ የበግ መንጋ መኪናዋን ከቧት ቆሞ ነበር። በጎቹ ከኛ ይልቅ ጸጥ ብለው ሰሙት፤ ሲያበቃም በአስፋልቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሕግ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ኢሱዙ ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀምጦ ሄዶ ቁልቁለቱ ላይ ቀርቷል። እናቱ እስከ ዛሬ ኢሱዙ ሲያልፍ ፊቷን ታዞራለች። ስለዚህ ትርፉ ይከልከል፣ ቀበቶውም ይታሰር። እኔ እንደሆንኩ ዕድሜ ልኬን መቀነት ታጥቄ የኖርኩ ነኝ፤ አንድ ቢጨመርብኝ ምን እሆናለሁ።

የልጅ ልጄ መንጃ ፈቃዷን ሳትቸገር አሳደሰች። ታርጋው ቀረን።

ቢሮው ያለው ራቅ ያለ ከተማ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ኋላ ይቀየሙኛል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ጸጉሩን አበጥሮ የተቀመጠ፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ሊብሬውን፣ የባለቤትነት ደብተሩን ማለት ነው፣ ተቀበለኝ፤ መታወቂያዬንም ተቀበለኝ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እኔን አየኝ።

"እማማ፣ ባለንብረቷ የት አሉ?"

"ይኸው ቆሜያለሁ።"

"ሊብሬው ላይ ያሉት ሌላ ሰው ናቸው።"

ማናት አልኩት፤ ስሜን ጠራ። እኔ ነኝ አልኩት። መታወቂያውን አነሳና ሌላውን ስሜን ጠራ። እሷስ አለኝ። እሷም እኔ ነኝ አልኩት።

"እማማ፣ ሁለቱንም መሆን አይቻልም።"

"እስከ ዛሬ ማን ከለከለኝ?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ልጁ አልሳቀም፤ ኮምፒውተሩ አይቀበልም አለ። ኮምፒውተር ምራት ሆኖ አያውቅማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድኩት መርሐቤቴ ነው፣ ከጀማ ወንዝ ዳር፣ ማሽላ ከሚበቅልበት ሞቃት አገር። እዚያ እናቴ ስም አወጣችልኝ። መንዝ ስዳር ደግሞ አማቴ ሌላ ስም አወጣችልኝ። የኔ ብቻ ጉድ አይደለም፤ በኛ ዘመን ምራት ስትገባ አማቷ ደጃፍ ላይ በአዲስ ስም ትቀበላታለች፣ ከዚያ ወዲያ አገሩ የሚጠራት በዚያ ነው። የክርስትና ስሜ ሲጨመር ሦስት ይሆናል፤ እሱ ግን የንስሐ አባቴና የእግዜር ነው፣ ቢሮ አይገባም። ባሌ ደግሞ በየትኛውም ጠርቶኝ አያውቅም። እሱ አንቺ ይለኛል፣ እኔ አንቱ እለዋለሁ። ስም ሳንጠራራ ቤት ሙሉ ልጅ ወለድን፤ ለዚያ ስም አያስፈልግም።

ባጃጇ ስትገዛ ቀበሌው የጻፈው አገር የሚያውቀውን፣ አማቴ ያወጣችልኝን ስም ነው። መታወቂያው ግን ኋላ የመጣው ነው፣ ጣትና ዓይን የሚያነሱበት። ያነሳኝ ልጅ ትክክለኛ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ አለኝ። አባቴ ደግሞ አማቴ ባወጣችው ስም አንድ ቀን ጠርቶኝ አያውቅም፤ መንዝ ሳልገባ ነው የሞተው። ታዲያ የሱን ስም ከማያውቀው ስም ጋር እንዴት ላጋባው? እናቴ ያወጣችልኝን ከአባቴ ስም ጋር ተናገርኩ። አንድም ቃል አልዋሸሁም። ሁለት ቦታ እውነት ተናግሬ ነው ውሸታም የሆንኩት።

ይሄን ሁሉ ለመስኮቱ ልጅ ነገርኩት። ጨዋ ነውና ሰማኝ። ከዚያ አንዱን ይምረጡ አለኝ። መታወቂያዎን በሊብሬው ስም ያስቀይሩና የድሮውን ይተዉት አለኝ።

"የቱ ነው የድሮው?"

"የናትዎ።"

"አንተ የናትህን ትተዋለህ?"

ሊብሬውን ገለበጠ። እንግዲያው የአማትዎን ይተዉ አለኝ። አማቴን ደግሞ እንዴት ልተዋት? ክፉ አማት ብትሆንልኝ እንዴት በቀለለኝ። ሙሽራ ሆኜ በመንዝ ብርድ ስንቀጠቀጥ የራሷን ባና አውልቃ ያለበሰችኝ ሴት ናት። ስትሞት ራሷ የተደገፈው ክንዴ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ከአፏ የወጣው ያ ያወጣችልኝ ስም ነው። እሱን ለታርጋ ብዬ ልጣል?

"አልመርጥም" አልኩት።

እንግዲያው የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ያምጡ፣ ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚናገር፤ እሱ እስኪመጣ ባጃጇ አትንቀሳቀስ፣ በድሮው ታርጋ መንገድ ላይ ከተገኘች ትያዛለች አለን።

ባጃጇን ከጭድ ክምሩ አጠገብ አቆምናት። ትንሽ ሰነበተችና አንዷ ዶሮ ኋላ ወንበሩ ላይ፣ እኔ የምቀመጥበት ላይ፣ እንቁላል ጥላ ታቀፈች። ለባለንብረት ክብር የሌላት ዶሮ። የልጅ ልጄ በየማለዳው ትወጣና መስታወቷን ትወለውላለች፤ የማትሄድ ባጃጅ መስታወት። እሷን ሳይ ያመኝ ነበር፣ ግን አላሳያትም፤ ዶሮዋን ታርጋ ጠይቂያት እላታለሁ። አትስቅም።

ወሬ መንዝ ውስጥ ከባጃጅ ይፈጥናል። ባሏ ሰማ። አራት ሽማግሌ ላከ። አጎዛ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። ሥራዋ ቆሟል፣ እርስዎም አርጅተዋል፣ ልጅቱ ወደ ትዳሯ ትመለስ፤ ሰውየው ተጸጽቷል አሉኝ። ተጸጽቶ ከሆነ ለምን በራሱ እግር አልመጣም ብላቸው፣ ያፍራል አሉኝ። ይፈር፣ ደግ አደረገ አልኳቸው። ባጃጇ ቆመች እንጂ ልጅቱ አልቆመችም አልኩና ሸኘኋቸው። እነሱ ግን በቀላሉ የሚሸኙ አይደሉም፤ ከትንሣኤ በኋላ እንመለሳለን ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ መስታወቱን እየወለወለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተናገረች።

"እምዬ፣ ባጃጇ ካልሄደች እመለስለታለሁ። ሸክም ልሆንብዎት አልፈልግም።"

እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን ቀልድ አልመጣልኝም። በዚህች ቆርቆሮ የተያዘው የኔ ስም ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ጋቢዬን ደረብኩና ወደ ከተማ እንሂድ፣ ተነሺ አልኳት።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ሻይ ቤት ገብተን ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ጉዳይ ገዳይ የሚሏቸው አሉ አይደል፣ ቢሮ ለቢሮ የሰው ጉዳይ የሚሯሯጡ፤ እሱ ነው። ሻዩን እየማገ ታሪኬን ሰማና ይሄማ ቀላል ነው አለ።

"እናቴ፣ ሊብሬው ላይ ያሉት ሴትዮ ሞተዋል ይበሉ። እርስዎ በመታወቂያው ስም ወራሽ ሆነው ይቀርባሉ። ምስክሩን ለኔ ይተዉት።"

"ስሞት ማን አለቀሰልኝ?" አልኩት።

ሰውየው ግራ ገባው። ቀጠልኩለት። ዕድር አለኝ፣ ሰንበቴ አለኝ፤ ያን ሁሉ ዘመን የሰው ንፍሮ ቀቅዬ፣ የሰው ድንኳን ስተክል ኖሬ፣ እኔ ስሞት አንድ ሰው ሳይቀመጥልኝ? ተዝካሬን ማን በላው? ደግሞስ ገዳይዋ ማን ልትባል ነው፣ እኔው አይደለሁም ወራሿ? ቀስ ብሎ ተነስቶ ሄደ። የተወውን ሻይ እኔ ጠጣሁት፤ ለሟች ነፍስ ይሆናል።

የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ ግን መልካም ልጅ ናት። አስቀምጣ አስረዳችን፤ ሁለቱንም ስም የሚያውቅ፣ የአንድ ሰው መሆኑን በጆሮው የሰማ ምስክር ያምጡ አለችኝ። ለአማቴ ስም አገር ምስክር ነው። የናቴን ስም የሚያውቁት ደግሞ መርሐቤቴ አፈር ለብሰው ተኝተዋል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሰማ ማን አለ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ አንድ ሰው ቀረኝ። የባሌ ሚዜ። በበቅሎ ከናቴ ቤት ያወጣኝ፣ ደጃፉ ድረስ ያደረሰኝ እሱ ነው። ሚስቱ ስትሞት ዓለም በቃኝ ብሎ መንኩሷል፤ ከራቤል ከተማ ወዲያ ጊሼ ውስጥ ካለ ገዳም ነው ያለው ሲባል ሰምቻለሁ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርተን ሚኒባስ ያዝን። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። ረዳቱ የለመደ ነውና ሁለት በርጩማ አወጣና በመሀል በመሀል አስቀመጠን፤ ሌሎችም እንደኛ የተጎለቱ አሉ። ጥቂት እንደሄድን ሹፌሩ ፊሽካ ቢጤ አፏጨ። ረዳቱ ዞር አለና ትራፊክ አለ፣ ትርፍ የሆናችሁ ዝቅ በሉ አለን። በርጩማ ላይ ያለው ሁሉ እንደ እግዚኦታ ግንባሩን ወደ ወለሉ ደፋ። አንዱ ትልቅ ሰው ከነጥምጣማቸው በሰው እግር መሀል ገቡ። የልጅ ልጄም ገባች። እኔ ቀጥ አልኩ።

"እማማ፣ ዝቅ ይበሉ እንጂ" አለኝ ረዳቱ።

"የምሰግደው ለእግዜር ነው፤ ለትርፍ አልሰግድም።"

ትራፊኩ መስኮቱ ጋ መጣ። ከወንበር በታች ከተደበቀው ሁሉ መሀል የኔ ሻሽ እንደ ጉልላት ቆሟል። እናቴ እርስዎ ምነው አለኝ። እኔ እንኳ ደህና ነኝ፣ እነዚህን ግን ምን እንደወደቀባቸው ጠይቅልኝ፣ ሁሉም አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ አልኩት። ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ሹፌሩን ቀጣው፤ ትርፍ የሆነ ሁሉ ይውረድ አለ። ትርፍ ደግሞ እኔም ነኝ። ሚኒባሱ ጥሎን ሄደ፤ ረዳቱ በመስኮት የሰደበኝን ስድብ ንፋሱ ወሰደው።

ጉም ወርዶ፣ ሳሩ በውርጭ ነጥቶ፣ አስፋልት ዳር ቆመን ቀረን። ጥምጣም ያደረጉት ሰውዬ የሚኒባሱን አቧራ ከልብሳቸው እያራገፉ አዩኝ፤ ምን አደረግኩዎት አሉኝ። እኔ ደግሞ ሕግ አስከብሬ እኔው በእግሬ የቀረሁት ሳያንሰኝ ሰው ይቆጣኛል አልኳቸው። ያኔ የልጅ ልጄ ሳቀች። ባጃጇ ከቆመች ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው፤ ሆዷን ይዛ ድንጋይ ላይ እስክትቀመጥ። ብርዱ አልተሰማኝም። ሌላ መኪና፣ ወንበር ያለው፣ እስኪመጣ ስትስቅ ቆየች።

አባን፣ የባሌን ሚዜ፣ ያገኘናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር፣ የተቀደደ አጎዛ ሲሰፉ ነው። መስቀል ተሳልሜ ቆምኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማን ነሽ አሉኝ። በበቅሎ ያመጡኝ ነኝ አልኳቸው። መርፌውን አኖሩት። ነገሬን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሙኝ፤ ሲያበቃ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኅቴ፣ እኔ እኮ ለዓለም ሞቻለሁ። ስመነኩስ ፍትሐት ተፈትቶልኛል። የሞተ ሰው ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?"

"እኔንም ሙቺ ብለውኛል አባ። ሙት ለሙት ካልተዛዘነ ማን ያዝንልናል?"

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁ እንጂ እሺ አላሉም። መነኩሴ አደባባይ ላይ መቆም አይገባውም፣ በጸሎት አስብሻለሁ አሉኝ። ጸሎት ታርጋ አያወጣም ልል ነበር፤ ከመስቀል ፊት ነኝና ተውኩት። በሱ ፈንታ እናቴን አነሳሁባቸው። ሚዜ ማለት ለሙሽራ ወንድም ነው። ከቤት ሲያወጡኝ እናቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዛ አለቅም ብላ ነበር።

"እናቴ ያኔ ያለችዎትን ያስታውሱታል?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ወደ ቆላው አዞሩ፣ እንደሚያይ ሰው።

"ብቻዋን እንዳትተዋት ነው ያለችኝ።"

"ይኸው ብቻዬን ነኝ።"

አበምኔቱን ሊያስፈቅዱ ተነሱ። ሲመለሱ ዳዊታቸውን አንግተው፣ ያንኑ ግማሽ የተሰፋ አጎዛ ትከሻቸው ላይ ጥለው ነበር።

ዳኛዋ ሴት ናት፣ ልጅ እግር። የቀሩት ምስክሮች፣ ሁለት ጎረቤቶቼ፣ የሚያውቁትን ተናግረው ወጡ። አባ ገቡ። ጸሐፊዋ ስም ጠየቀቻቸው። የዓለሙን ነው የምንኩስናውን አሏት። ጸሐፊዋ ዳኛዋን አየቻት፤ ዳኛዋ ሁለቱንም ጻፊላቸው አለች። እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ ለራሴ የማወራ መስዬ፣ ለሳቸው ሁለት ሲጻፍ ማንም አልደነገጠም አልኩ። ዳኛዋ ዝም በይ አላለችኝም፤ ጆሮ ያላት ሴት ናት። መሐላ ላይ ደግሞ አባ አልምልም አሉ፤ ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ተብሎ ተጽፏል አሉ። እውነቱን ይናገሩልኝ፣ ይበቃኛል አለቻቸው።

ተናገሩ።

"ሙሽራዋን ይዘን ስንደርስ አማቷ ደጃፍ ላይ ቆማ በአዲሱ ስም ጠራቻት። ሙሽራ አቤት ማለት ነበረባት፤ ዝም አለች። ደግማ ጠራቻት፤ ዝም። እድምተኛው ደንቆሮ አመጣችሁብን ማለት ጀመረ። አማቷ ወደኔ ዞራ እናቷ ማን ትላታለች አለችኝ፤ ነገርኳት። ሳቀችና ሁለቱን ስም አከታትላ ጠራቻት። ያን ጊዜ ከመሸፈኛዋ ውስጥ አቤት አለች። ያቺ ሙሽራ ይቺ ናት። ጠባይዋም ያው ነው።"

ሁለቱንም ስሞች ጠርተዋቸዋል፤ እዚህ ግን አላስጽፋቸውም። የመስኮቱ ልጅ የናቴን ስም ሲጠራው የሌላ ሰው ስም ይመስለኝ ነበር። አባ ሲጠሩት ግን ማሽላ ማሽላ ሸተተኝ። መሀረቤን አወጣሁ፤ አፍንጫዬን ብርድ መትቶኛል አልኳት ለልጅ ልጄ። ደጃፍ ላይ አቤት አለማለቴን እሷ ሰምታው አታውቅም ነበር። ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም።

ዳኛዋ ወሰነች፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው ተባለ፣ ማኅተም ተመታበት። አባን ገዳማቸው ድረስ በወንበር፣ ያለ ትርፍ፣ ሸኘናቸው።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ቢሮው ሄድን። ጸጉሩን ያበጠረው ልጅ አነበበው፣ ጻፈ፣ ስጨርስ እጠራችኋለሁ ብሎን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እንዝርቴን አውጥቼ የበግ ጠጉሬን መፍተል ያዝኩ። ወዲያው በመስኮቱ የናቴን ስም ጠራ። ዝም አልኩ። ደገመ። የልጅ ልጄ በክርኗ ነካችኝ።

"እምዬ፣ ተጠሩ እኮ።"

"ግማሼን ነው የጠራው።"

የአማቴን ስም ጠራ። መፍተሌን ቀጠልኩ። ሰልፈኛው ሴትዮዋ የሉም፣ ሄደዋል ይላል። ልጁ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ እፊቱ ተቀምጬ እንዝርት ሳሾር አገኘኝ። አየኝ፣ አየሁት። ጸጉሩን አከከ። ከዚያ ሳቀ፤ ጥርሱ ሲያምርበት እስከዚያ ቀን ደብቆን ኖሯል። ተመልሶ ገባ፣ መስኮቱ ጋ ቆመና ሁለቱንም አከታትሎ፣ ግቢው እስኪሰማ ጠራ።

"አቤት" አልኩና ተነሳሁ።

ሊብሬው ላይ ሁለቱም አሉ፣ ጎን ለጎን። እናቴና አማቴ በሕይወታቸው ተገናኝተው አያውቁም፤ እዚያ ወረቀት ላይ አንድ አጎዛ ተጋርተው ተቀምጠዋል።

ታርጋው ከታሰረ በኋላ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ አስወረድናት፤ ቅር እያላት ወረደች። ትንሣኤ አለፈ፣ ሽማግሌዎቹም ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። የደረሱት ባጃጇ ሞተሯ ተነስቶ ለገበያ ልትወጣ ስትል ነው። እኔ የዚያን ቀን ቤት ልቀር ነበር፤ እነሱን ሳይ እዚያው የባጃጇ በር ላይ ቆምኩ። እንደተለመደው ጀመሩ፤ ትዳር ክቡር ነው፣ ሰውየው ተጸጽቷል፣ አንቺም ልጅ ነሽ። የልጅ ልጄ መሪውን እንደያዘች አስጨርሳ ሰማቻቸው። ድሮ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ አሁን ፊት ፊታቸውን አየች።

"አባቶቼ፣ አልመለስም። ለሱም ንገሩልኝ። ሞላሌ የምትሄዱ ከሆነ ግን ላድርሳችሁ፣ መንገዴ ነው።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አቀበቱ በእግር ከባድ ነው፤ ትልልቆቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ባጃጇ ቀረቡ፣ ተራ በተራ ሊገቡ። እኔ ክንዴን በሩ ላይ ዘረጋሁ። አራት ናችሁ፣ ከኋላ የሚጫነው ሦስት ነው፣ ከሹፌር ጎን ማንም አይቀመጥም፣ አዲስ አዋጅ ወጥቷል አልኳቸው። ታዲያ ምን ይሻላል አሉኝ፤ እንዴት እንሁን?

"አንዱን ምረጡና ተዉት" አልኳቸው።